ከወንዝ ማዶ የመጡ አጫጆች

ጭልፊት ፈረሱን በቁልቁለቱ ላይ ሲለቀው ፀሐይ ገና ጤዛውን አላነሳችም ነበር። በግራ ብብቱ ስር በታሰረው የቆዳ ከረጢት ውስጥ የገዥው ማኅተም በቀይ ሰም ያረፈበት ደብዳቤ አለ። ደብዳቤው ከቀትር በፊት በድልድዩ ጠባቂ በመቶ አለቃው እጅ መግባት አለበት። መልእክተኛ የተሸከመውን አያውቅም ይባላል፤ ጭልፊት ግን ያውቃል። ገዥው ለጸሐፊያቸው ቃሉን ሲያስጽፉ እሱ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«ከወንዝ ማዶ የመጣ ማንም ሰው፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ ድልድዩን አይሻገር። የተሻገረ ይታሰር። ያሻገረም ይታሰር።»

ጭልፊት የሚለውን ስም ያወጡለት የድልድዩ ዘበኞች ናቸው። በመልእክተኛነት ሰባት ዓመት አገልግሏል፤ ሁለቱ የምርኮ ዓመታት ሳይቆጠሩ ማለት ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም ደብዳቤ ዘግይቶበት አያውቅም።

ቁልቁለቱ አልቆ ሜዳው ሲከፈት ፈረሱም ሰውየውም ሳይነጋገሩ ቀስ አሉ።

እንዲህ ያለ ስንዴ ጭልፊት በዕድሜው አላየም። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ተነስቶ እስከ ተራራው ግርጌ ድረስ አንድ ወጥ ሆኖ ተዘርግቷል፤ ቁመቱ የፈረሱን ደረት ይደርሳል፤ ራሱ ከመክበዱ የተነሳ አገዳው እንደ ሽማግሌ ጎብጧል። ንፋስ ሲነካው ግን ድምፁ የለሰለሰ አልነበረም፤ ይንኮሻኮሻል። ገበሬ ቤት ያደገ ሰው ያን ድምፅ ሲሰማ ማጭዱን ያነሳል፤ ፍሬው ከገለባው ሊለቅ ነው ማለት ነውና። ጦርነቱ ካበቃ ሦስት ዓመት ሆነ። ሁለቱ ድርቅ ነበሩ። ዘንድሮ ሰማዩ የነሳውን ሁሉ በአንድ ክረምት መለሰ፤ ታዲያ የሚቀበል እጅ ጠፋ። ወንዶቹን ጦርነቱ በላቸው፤ ከጦርነቱ የተረፉትን ደግሞ ተከትሎ የመጣው ወረርሽኝ ለቀማቸው። በዚያ ሁሉ ሜዳ ላይ ጎንበስ ብሎ የሚያጭድ ሰው ሃምሳ አይሞላም። ከሩቅ ሲታዩ በሰፊ ምንጣፍ ላይ ያረፉ ዝንቦች ይመስላሉ።

ከነሱ አንዷ የወንድሙ ሚስት ነበረች። ታላቅ ወንድሙን በጦርነቱ የመጀመሪያ ዓመት የማዶ ሰዎች ጦር ገድሎታል። ስምንት አጫጅ የሚፈልገውን ማሳ እሷ ለብቻዋ ይዛዋለች፤ ከንጋት ጀምሮ ያጨደችው ቢበዛ የአንድ ክፍል ወለል ያክል ነበር።

«እትዬ፣ እንዴት አደርሽ?»

«ወገቤን ይዤ አደርኩ» አለች ቀና ብላ። «ውረድና ውሃ ጠጣ።»

«አልወርድም፤ ቸኩያለሁ።»

«አንተ ደግሞ ያልቸኮልክበት ቀን መቼ ነው።» በማጭዷ ጫፍ ወደ ተራራው አመለከተች። ከተራራው በላይ እንደ በለዘ ሥጋ የጠቆረ ደመና ተቀምጧል። «ያ ከትናንት ጀምሮ እዚያው ነው። ሽማግሌዎቹ በረዶ ነው ይላሉ። ነገን ካለፍን ተመስገን ነው።»

ጭልፊት ደመናውን አየ፤ ልጓሙንም ሰበሰበ።

«ድልድዩ ጋ አጫጆች መጥተዋል የሚሉት እውነት ነው?»

«ሰምቻለሁ።»

«ከዚያ ማዶ?»

«ከዚያ ማዶ።»

ፊቷን ወደ ስንዴው መለሰች። «መሬት ላይ ይበስብስ እንጂ የነሱ እጅ አይነካውም» አለች። ትንሽ ቆይታ ግን፣ ዞር ሳትል፣ «ደብዳቤው ምን ይላል?» ብላ ጠየቀች።

«መልእክተኛ ምን ያውቃል ብለሽ ነው።»

ፈረሱን በእግሩ ነካ አደረገው። ጥቂት ጋልቦ ዞር ብሎ ሲያይ ጎንበስ ብላ ስለነበር ስንዴው ውጧታል።

ድልድዩ ባለ ሦስት ቅስት የድንጋይ ድልድይ ነው፤ በወዲህ በኩል የዘበኞቹ ግንብና ባለ ሁለት መዝጊያ የብረት በር አለው። ጭልፊት እዚያ ሲደርስ ልጓሙን ያዘና ኮርቻው ላይ እንደተቀመጠ ደርቆ ቀረ።

ማዶ ያለው ዳገት በሰው ተሸፍኗል። አራት መቶ ይሆናሉ፤ ወንዶች፣ ሴቶች፣ ሽበት የወረሳቸው ሽማግሌዎች። ሁሉም መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ሁሉም ማጭዳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አጋድመዋል። ዓይናቸው ዘበኞቹንም የዘበኞቹን ጦርም አያይም። የሚያዩት ከግንቡ ጀርባ የተዘረጋውን ስንዴ ነበር፤ የሌላ ሰው ልጅ ገደል አፋፍ ላይ ሲጫወት ያየ መንገደኛ እንደሚያየው ነበር የሚያዩት። የነሱ እህል አይደለም፤ ግን እየባከነ መሆኑ እነሱን ያንገበግባቸዋል።

በሩ ሥር ሦስት ሰዎች ይከራከሩ ነበር። አንዱ መቶ አለቃው ነው፤ በጦርነቱ አንድ ዓይኑን ያጣ፣ ነገር የማያበዛ ወታደር። ሁለተኛው የሜዳው እኩሌታ የሱ የሆነ ባለርስት ነው። ሦስተኛው የአገሩ አጫጆች አለቃ ሲሆን ከቁመቱና ከቅጥነቱ የተነሳ ሰንበሌጥ ይሉታል።

«በሩን ክፈትና ይግቡ» ይላል ባለርስቱ። «የተራበ ሰው ዋጋ አይመርጥም። የኛዎቹ ከአሥር ነዶ አንድ ይወስዳሉ። እነዚህ ከሃያ አንድ ቢያገኙ እጅ ነስተው ይቀበላሉ።»

«እኔም የምፈራው ይኼንኑ ነው» አለ ሰንበሌጥ። «ዘንድሮ በሃያ አንድ ካጨዱ ከርሞ እኔን ማን ይጠራኛል? ልጆቼን ምን ላብላ? ደግሞ አንዴ እግራቸውን ካስገቡ አይወጡም። ይመለሱ፣ መቶ አለቃ።»

«ሜዳውን አንተ ታጭደዋለህ?» አለው መቶ አለቃው።

«ለብቻዬ እንዴት አጭደዋለሁ? ግን…»

«አህያውን ፈርተህ ዳውላውን ነው የምትመታው» አለው መቶ አለቃው። «ዋጋህን የሚቆርጥብህ ሰው አጠገብህ ቆሟል። አንተ የምትሰድበው ማዶ የተቀመጠውን ራብተኛ ነው።»

ሰንበሌጥ ባለርስቱን በጎን አየው፤ ባለርስቱ ጉሮሮውን ጠረገ። ያኔ ነው መቶ አለቃው ጭልፊትን ያየው። ወደሱ መጥቶ የፈረሱን ልጓም ያዘና ዝቅ ባለ ድምፅ፦

«ከገዥው ዘንድ ነህ? ትእዛዝ አለ?»

የጭልፊት እጅ ወደ ከረጢቱ ሄደ፤ እዚያው ላይ ቀረ።

ሁለት ዓመት ተማርኮ ሲመለስ ለሰው ሁሉ በሰንሰለት ታስሬ ነበር ብሎ ተናግሯል። ሰንሰለት አልነበረም። አንዲት መንደር ወስደው ማጭድ ሰጡት፤ አጨደላቸው። ማታ ማታ የቤቱ እመቤት ዳቦውን ስትቆርስ የመጀመሪያውን ቁራሽ ለሱ ትሰጥ ነበር። ልጆቿ ሲያዩት እሷ «አጫጅ ነው የሚቀድመው» ትላቸዋለች። እዚያ ቋንቋቸውን ለመደ። እዚያ ጠገበ። ወንድሙ አፈር ለብሶ እሱ በገዳዮቹ ማዕድ መጥገቡን ግን ለማንም መናገር አልቻለም።

ማዶ ያሉትን አየ። ከጀርባው ስንዴው ይንኮሻኮሻል።

«ጌታዬ» አለ፣ «እኔ ገና አልደረስኩም።»

መቶ አለቃው በአንድ ዓይኑ ፈረሱን አየ፤ የፈረሱን ላብ፣ የከረጢቱን ማሰሪያ፣ ማሰሪያው ላይ የቀረውን እጅ አየ።

«መቼ ትደርሳለህ?»

«አጨዳው ሲያልቅ።»

«ያን ቀን ምን እንደሚጠብቅህ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

መቶ አለቃው ልጓሙን ለቀቀው። ወደ በሩ ተመልሶ ሁሉም እንዲሰሙ ጮክ አለ። «ከገዥው ትእዛዝ በእጄ እስኪገባ ድረስ የዚህ በር አዛዥ እኔ ነኝ። ጭልፊት፣ ቋንቋቸውን ትችላለህ፤ አለቃቸውን ጥራልኝ።»

የተነሳችው አንዲት ባልቴት ነበረች። ጀርባዋ እንደ ማጭድ ጎብጧል፤ ሰውነቷ የቀለለ፣ እጆቿ ግን የአናጢ እጆች። ድልድዩን አቋርጣ መጥታ በበሩ ብረቶች መሃል አንጋጣ መቶ አለቃውን አየችው።

«አጭዳችሁ ስትጨርሱ ትመለሳላችሁ» አለ መቶ አለቃው። «መኝታችሁ እዚያው ማሳ ዳር ነው።»

ጭልፊት ተረጎመ። ባለርስቱም አንገቱን አስግጎ ከሃያ አንድ የሚለውን ነገር ጨመረ፤ ጭልፊት እሱንም ሳይሸራርፍ ተረጎመላት።

«ያ ረጅሙ ሰው ስንት ይወስዳል?» አለች ባልቴቷ ወደ ሰንበሌጥ እያየች።

«ከአሥር አንድ፣ እማማ።»

«እንግዲያው እኛም ከአሥር አንድ። ከዚያ ካነሰ እንመለሳለን። በሰው አገር የሰውን ዋጋ ያረከሰ እጅ አገሩም ሲገባ ርካሽ ነው።»

ጭልፊት ይህን ሲተረጉም ሰንበሌጥ ወደ በሩ ብረት ተጠግቶ ባልቴቷን ትኩር ብሎ አያት። ባለርስቱ ፊቱ ደም መሰለ። «ይኼን ገዥው ይሰሙታል» ብሎ በቅሎውን አስጠራ፤ ጭልፊት በወረደበት ዳገት ሲጋልብ አቧራው ብቻ ታየ። ከገዥው ከተማ ደርሶ ለመመለስ አንድ ቀን ተኩል ይበቃዋል።

የብረቱ በር ተከፈተ።

አራት መቶ ሰው ድልድዩን ተሻገረ። ወጣቶቹ ዘበኞች ጦራቸውን ጨብጠው ግራና ቀኝ ተሰልፈዋል፤ ከሦስት ዓመት በፊት በዚሁ ድልድይ ላይ ከነዚሁ ሰዎች ጋር ተራርደዋል። ባልቴቷ ከፊት ሆና በመሃላቸው አለፈች፤ ፊቷን ወደ ማንም አላዞረችም። ስንዴው ዳር ስትደርስ አንድ ራስ ቀጠፈች፣ በመዳፏ አሸችው፣ እፍ አለችው፣ ፍሬውን አኘከች። ከዚያ ደመናውን አየች።

«ዛሬና ነገ» አለች። «ከዚያ በኋላ የለም።»

በአንድ እርምጃ ልዩነት ተራርቀው መስመር ያዙ። ጭልፊት ከፈረሱ ላይ ሆኖ የመስመሩን ጫፍ ማየት አልቻለም። ጨርቁ ከማጭዶቹ ላይ ሲፈታ ብረቱ ፀሐይዋን መለሰው፤ በሜዳው ወርድ ሁሉ አንድ ቀጭን ብርሃን ሮጠ። ባልቴቷ ጎንበስ አለች። አራት መቶው ጎንበስ አሉ።

ጭልፊት በጦር ሜዳ ብዙ ድምፅ ሰምቷል፤ እንዲህ ያለ ግን ሰምቶ አያውቅም። አራት መቶ ማጭድ በአንድ ትንፋሽ ሲገባ፣ አራት መቶ ጭብጥ ስንዴ በአንድ ጊዜ ሲለቅ፣ መሬት ራሷ የተነፈሰች ይመስላል። ደግሞ አንዴ። ደግሞ አንዴ። በየተራ ከመስመሩ ወደ ኋላ እየቀሩ የሚያስሩት ሴቶች ነዶውን ጠቅልለው በገመድ ሳይሆን በራሱ በስንዴው አገዳ ያስሩታል፤ ነዶው ሳይወድቅ ቆሞ ይቀራል። ከፊታቸው ጥንቸሎችና ድርጭቶች ይሸሻሉ፤ ከኋላቸው ለወራት ያልታየ ምድር ራቁቱን ይወጣል። ከመስመሩ አንድ ጫፍ ዝቅ ያለ ዜማ ተነሳ፤ እንደ ውሃ እየተቀባበሉት ሌላው ጫፍ ደረሰ። ጭልፊት ዜማውን ያውቀዋል። አብሮ ማዜም ከጀለውና ከንፈሩን ነከሰ።

ሰንበሌጥ እጁን አጣምሮ ሲያይ ቆየ። የሜዳው አንደኛ አጫጅ ነው፤ እግሩ በማጭዶቹ ምት መሬቱን መምታት ጀመረ። በመጨረሻ መዳፉ ላይ እንትፍ አለና፣ «ምን አባቴ ቆሜ አያለሁ» ብሎ ከመስመሩ ጫፍ ገባ። ሰዎቹ ተከተሉት።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል መስመሩ ከጭልፊት ወንድም ማሳ ደረሰ። እዚያም ቆመ። የወንድሙ ሚስት ከስንዴዋ ፊት ቆማለች፤ ማጭዷን እንደያዘች።

ጭልፊት ከፈረሱ ወረደ።

«እትዬ፣ አሳልፊያቸው።»

«ወንድምህን የገደሉትን?»

«የሱ ገዳይ ከመሃላቸው ይኑር አይኑር አላውቅም። እኔ የገደልኩት ሰው ወንድምም ከመሃላቸው ይኑር አይኑር አላውቅም።»

«አንተን እንኳ ሁለት ዓመት በሰንሰለት ያሰሩህ ናቸው።»

«አላሰሩኝም።»

ማጭዷ ዝቅ አለ።

«ስንዴያቸውን አጨድኩላቸው» አለ። «ዳቦ ሲቆረስ ለኔ ነበር የሚቀድመው። አንዲት ሴት፣ ባሏን እኛ የገደልንባት፣ ከልጆቿ አስቀድማ ታጎርሰኝ ነበር። ዋሽቻችኋለሁ።»

«ለምን?»

«ወንድሜ ሞቶ እኔ እዚያ ጠግቤ ማደሬን በምን አፌ ልንገርሽ?»

ባልቴቷ የሁለቱ ንግግር አይገባትም፤ ማጭዷን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች፤ አራት መቶውም ከኋላዋ ይጠብቃሉ። የወንድሙ ሚስት ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገችና አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ ፈቀቅ አለች። ፊቷን ወደ ስንዴው መልሳ ጎንበስ አለች። በተከፈተው ቦታ ባልቴቷ ገባች። ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ሆነው ማጭዳቸውን ባንድ ላይ ሲሰዱ ጭልፊት ፈረሱን ዛፍ ላይ አሰረና ማጭድ ፍለጋ ሄደ።

በማግስቱ ደመናው ከተራራው ተነስቶ መምጣት ጀመረ። ከቀትር በኋላ ዘበኞቹ ጦራቸውን ግንቡ ላይ ደርድረው ነዶ ተሸከሙ፤ መቶ አለቃውም ተሸከመ። ክምሮቹ በየማሳው ጫፍ እንደ ቤት ተሠሩ፤ ራሳቸው በወፍራም ገለባ ተከደነ። ባልቴቷ ከክምር ክምር እየዞረች ክዳኑን ትነካካለች፤ የላላውን ታስጠብቃለች። የመጨረሻዋ ነዶ ክምር ላይ ስትወጣ ብርሃኑ አረንጓዴ ሆኖ ነበር።

ከዚያ በረዶው ወረደ።

ሁሉም ወደ ድልድዩ ቅስቶችና ወደ ግንቡ ሮጡ። የአገሩ ሰውና የማዶው ሰው እንደ ነዶ ተጠጋግቶ ቆመ። በረዶው እንቁላል ያክላል፤ የግንቡን ጣሪያ ሲመታ ሰው የራሱን ድምፅ አይሰማም። ሜዳው ከዓይናቸው ፊት ነጭ ሆነ። በረዶው ያን ሁሉ ምድር በቁጣ ደበደበ፤ የሚሰብረው አንድ ራስ ስንዴ ግን አላገኘም። ክምሮቹ ሰዎች እንደሚኖሩበት መንደር በነጩ መሃል ቆመው ነበር።

በረዶው ሲያባራ ሰንበሌጥ ቆቡን አውልቆ ቆመ። የጭልፊት ወንድም ሚስት የባልቴቷን ክንድ ይዛ እንደነበር ያኔ ነው ያስተዋለችው፤ ግን አልለቀቀችውም።

ገዥው የደረሱት በዚህ ሰዓት ነው። ባለርስቱንና አሥር ፈረሰኞችን አስከትለዋል፤ ካባቸው በውሃ ከብዷል፤ በረዶ የፈነከተው ግንባራቸው ይደማል። ሰው ሊያስሩ ነበር የመጡት። ከሜዳው ዳር ግን ፈረሳቸውን አቁመው ክምሮቹን ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ አዩ። ከዚያ ደግሞ አዩ።

ጭልፊት ከረጢቱን ፈታ፤ በሰው ሁሉ ፊት ደብዳቤውን ለመቶ አለቃው ሰጠ።

«ጌታዬ፣ አሁን ደረስኩ።»

መቶ አለቃው ማኅተሙን ሰብሮ አነበበ። ወደ ገዥው ዞሮ እጅ ነሳ። «ትእዛዝዎ ደርሶኛል። ከዚህ ሰዓት ጀምሮ ማንም አይሻገርም።»

ገዥው ጭልፊትን አዩት። «ፈረስህ ታሞ ነው?»

«ፈረሱ ደኅና ነው። የዘገየሁት እኔ ነኝ።»

«ስለምን?»

«ስንዴውን አየሁት፣ ጌታዬ።»

ባለርስቱ ጣልቃ ገባ። «ከአሥር አንድ ሰጥተዋቸዋል እኮ፣ ጌታዬ።»

«የቀረህ ዘጠኙ የት ነው ያለው?» አሉት።

«ክምር ላይ።»

«እኔ አሁን ያለፍኩበት የላይኛው ሜዳ ከአሥር አሥሩም ጭቃ ውስጥ ነው።» ባለርስቱ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ገዥው እንደገና ወደ ጭልፊት ዞሩ። «መልእክት የሚያዘገይ መልእክተኛ አይኖረኝም። ፈረሱን፣ አለንጋውን፣ ከረጢቱን አስረክብ።»

ጭልፊት አስረከበ። ፈረሱን ሲሰጥ አንገቱን አንድ ጊዜ ዳሰሰው።

የገዥው ዓይን ባልቴቷ ላይ አረፈ። «ከርሞም ትመጣላችሁ ወይ በላት።»

ባልቴቷ ጥያቄውን ስትሰማ አሰበች። «ዝናብ ከጣለልን አንመጣም፤ የኛም ስንዴ የሚደርሰው በዚሁ ሳምንት ነው። ካልጣለልን እንመጣለን፤ መሄጃ የለንም። እናንተስ፣ ዝናብ እናንተን የነሳችሁ ዓመት ወዴት ነው የምትሄዱት?»

ጭልፊት ቃል በቃል ተረጎመ። ገዥው በዓይናቸው ወንዙን ተሻግረው ማዶ ያለውን ባዶ ዳገት አዩ፤ ምናልባት በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ጠላት አገር ሳይሆን ዝናብ እንደሚጠብቅ መሬት አዩት።

«ፈረስ የሌለው ሰው ድልድይ ይጠብቅ» አሉ በመጨረሻ፣ ወደ ጭልፊት ሳያዩ። «እዚህ በር ላይ የማዶ ሰዎች ሲናገሩ የሚሰማቸው ሰው ይኑር።» ፈረሳቸውንም አዞሩ።

በማግስቱ ጠዋት የማዶ ሰዎች ወደ አገራቸው ተመለሱ። እያንዳንዱ ድርሻውን ተሸክሟል፤ ከሩቅ ለሚያይ ስንዴው በራሱ እግር ድልድይ የሚሻገር ይመስል ነበር። የባልቴቷን ሸክም ሰንበሌጥ ነጥቆ ተሸክሞላት ነበር፤ እሷ በቋንቋዋ ትቆጣዋለች፣ እሱ በቋንቋው ይመልስላታል፣ አንዱም ቃል አይገባቸውም፤ እንዲያም ሆኖ ድልድዩን እስኪጨርሱ ክርክሩን አላቋረጡም። ጭልፊት መዝጊያውን ደግፎ ቆሟል። በዚህ ድልድይ ስንት ጊዜ እንዳለፈ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ግን በፈረስ ጀርባ ነበር። አሁን የአራት መቶ ሰው ኮቴ በድንጋዩ ውስጥ አልፎ ወደ እግሩ ጫማ፣ ከዚያም ወደ ጉልበቱ ሲወጣ ተሰማው። የመጨረሻው ነዶ ከዳገቱ ጀርባ ከተሰወረ በኋላም ከእግሩ ሥር ያለው ድንጋይ መንቀጥቀጡን አላቆመም፤ ወይም የሚንቀጠቀጠው እሱ ራሱ ነበር።